ከራስ በላይ ነፋስ፦ ሞተር ሊገዛ ለተነሳው የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ ሞተር ልትገዛ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አልከለክልህም። እዚህ ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ተከራይቶ ጠዋት ኤሮን፣ ረፋድ ላይ መሐል ከተማ፣ ማታ ደግሞ ባልባላ የሚሯሯጥ ወጣት በዚህ ፀሐይ በእግሩ ይኳትን የሚል አንጀት የለኝም። ያልተስማማኝ ሌላ ነው። «ሄልሜቱን ቀስ ብዬ እገዛዋለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ ሙቀቱ አያስለብስም» ብለሃል አሉ። እናትህ ከድሬዳዋ ደውላ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፤ ድምፅዋም ደህና አልነበረም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። መከራ እስኪመክርህ ቆሞ የሚያይ ዘመድ ዘመድ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ቢረዝምብህም እስከ መጨረሻው ስማኝ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። አንተም ከሞተሩ በፊት ሄልሜቱን ግዛ። ይህን የምልህ ለወግ አይደለም፤ የኪስ ጉዳይ ነው። ሞተር የገዛ ሰው በማግስቱ ኪሱ ባዶ ነው፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ያገኘውን ርካሽ ነገር ራሱ ላይ ይደፋል። የሄልሜቱን ገንዘብ አስቀድመህ ለይተህ አስቀምጥ፤ በቀረው የሚገኘውን ሞተር ግዛ። ሞተሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ቢል ማንም አይታዘብህም።

ክርክርህን «ደኅንነት ወይስ ምቾት» ብለህ ነው የምትጀምረው። ገና ከመነሻው ሁለቱን ባላንጣ አደረግካቸው። እኔ እስካየሁት ድረስ የማይመች ሄልሜት ራስ ላይ አይውልም። መጀመሪያ ማሰሪያው ይላላል፣ ቀጥሎ ወደ ማጅራት ይገፋል፣ በመጨረሻም ክርን ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ምቾት መፈለግህን እንደ ቅንጦት አላይብህም። የምትገዛው ነገር በሐምሌ ቀትር ላይ ሳትነጫነጭ የምታደርገው መሆን አለበት። ግን ምቾት የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። በአየር ማስገቢያው፣ በክብደቱ፣ በቀለሙ፣ በገበሩ ጨርቅ ላይ የፈለግከውን ያህል አማርጥ። በልኩ፣ በማሰሪያውና ውስጡ ባለው ፎም ላይ ግን ድርድር የለም። «እዚህ ጋ ትንሽ ሰፋ ቢልልኝ» ያልክ ዕለት የገዛኸው ሄልሜት ሳይሆን ኮፍያ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሩቅ አልሄድም፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከፕላቶ ኤሮን ጥቂት ደቂቃ መሆኑ እውነት ነው። እስቲ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ። የዓረቢያው ሎረንስ የሚባለውን እንግሊዛዊ ሰምተህ ይሆናል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእኛ ማዶ፣ ከቀይ ባሕር ወዲያ፣ ከዓረቦች ጋር ሆኖ ቱርኮችን የተዋጋው ነው። ከዚያ ሁሉ በረሃና ጥይት ተርፎ አገሩ ገባ። በግንቦት 1935 አቅራቢያው ወዳለው የጦር ሠፈር ሄዶ ቴሌግራም ልኮ ሲመለስ፣ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ብሎ ወደቀ። ራሱ ባዶ ነበር። ስድስት ቀን ሕሊናውን ስቶ ቆየና በ46 ዓመቱ አረፈ። በደጁ፣ በሚያውቀው መንገድ ላይ።

ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ነገሩን ቀብሮ አልተመለሰም። የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆየና በ1941 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሄልሜት ምን ያህል እንደሚያድን ጻፈ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ለሞተረኛ ወታደሮቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ሲቪሉ ግን በሕግ የተገደደው በ1973 ነው። በመሐሉ ስንት ወጣት እንደተቀበረ አስበው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለዚህ ነው።

ቀስ ብሎ መንዳቱንም ቢሆን እንየው። ከአንድ ሜትር ከሰባ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ እንግዲህ የአንተ ቁመት ነው፤ ሞተሩ ምንም ፍጥነት ሳይጨምርበት። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ተንሸራትተህ ብትወድቅ ራስህ የአስፋልቱን ጠርዝ የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ምት ነው። እዚህ ደግሞ ዝናብ ከስንት አንዴ ስለሚጥል አስፋልቱ ወሩን ሙሉ ዘይትና አቧራ ሲጠጣ ይከርማል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ያዳልጣል። ማታ አምቡሊን ተሻግረህ ባልባላ ስትወጣም መንገዱ የአንተ ብቻ አይደለም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወደ ፒኬ 12 ሰፈር የሚያመሩትን ተሳቢዎች አይተሃቸዋል። በተሳቢ ጎን የምትሄደው አንተ ቀስ ብትልም ተሳቢው የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ነው።

ሄልሜት እንዴት እንደሚሠራ ቢገባህ ግማሹን ምክር ለራስህ ትሰጠዋለህ። ውጪ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ምቱን ይበትናል፤ የሾለ ነገርም ያግዳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከሥሩ ያለው ፎም ነው። ሲመታ ይደቃል፤ እሱ እየደቀቀ ሳለ ራስህ በቅጽበት በመቆም ፈንታ በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ እየዘገየ ይቆማል። አንጎልን የሚያናውጠው ድንገት መቆሙ ነውና ያቺ ጥቂት መዘግየት ነፍስ ናት። በ2008 የወጣው፣ ኮክሬን የተባሉ የሕክምና ጥናት ገምጋሚዎች ያዘጋጁት ግምገማ ከ60 በላይ ጥናቶችን አገናዝቦ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። መቶ በመቶ አላሉም፤ እኔም አልልህም። ግን «አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወት» ይባል የለ? እግር ቢሰበር ይጠገናል። ራስ ግን ያለህ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። እዚህ ላይ እውነት አለህ፤ አላቃልልብህም። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ አሸዋ ተሸክሞ ነው፤ ካምሲኑ ሲተኛ ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ላብህን አያደርቅልህም። ደጋ ለኖረ ሰው ይህ ቅጣት ነው። ይሁን እንጂ «ራሴን ብገልጠው ነፋሱ ያቀዘቅዘኛል» የሚለውን ሐሳብ መርምረው። አየሩ ከቆዳህ በላይ ሲሞቅ ነፋስ ሙቀት ይጨምርልሃል እንጂ አይወስድልህም። የሚያቀዘቅዝህ የላብህ መድረቅ ብቻ ነው፤ ላቡም ሳታውቀው ውሃህን ይዞት ይሄዳል። አናትህ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ በቀጥታ ታርፍበታለች። በዚህ አገር ግመል ጠባቂው ሳይቀር ራሱን ጠምጥሞ ነው የሚወጣው፤ ከፀሐይ የሚከልል ነገር ራስ ላይ ማድረግ ለበረሃ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሙቀት ሰበብ ብቻ መሆኑን የቬትናም ሰዎች አሳይተዋል። አገራቸው ሞቃትና እርጥብ፣ ሕዝባቸው በሞተር የሚኖር። መንግሥታቸው ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በየመንገዱ ሄልሜት ግዴታ ሲያደርግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመቶው ዘጠና በላይ የሚሆነው ሞተረኛ አደረገ። ለሞቃት አገር የሚሆን ቀለል ያለ፣ አየር የሚያስገባ ሄልሜትም አምርተዋል። አንዳንዱ ያደረገው ተራ ፕላስቲክ ነበር፤ ይህም ሌላ መዘዝ አምጥቷል፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። ሙቀቱን ግን ችለውታል።

ዓይነቱን በተመለከተ ፍርዴን ልስጥህ። ከሁሉ የሚበልጠው ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው ነው፤ አገጭን የሚጠብቅ ሌላ የለም። ዲትማር ኦተ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ የወደቁ ሞተረኞችን ሄልሜት እያገላበጠ ምቱ የት እንዳረፈ ሲመዘግብ፣ ሲሶው ያህል አገጭና መንጋጋ አካባቢ ሆኖ አገኘው። ጄት የሚባለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነው፣ አየር ይሰጥሃል፤ ያ ሲሶ ግን ይቀርብሃል። ከጆሮ በላይ የሚቀረውን ግማሽ ሄልሜት እንዳታስበው። ከወደብ ሥራ ሲወጡ የግንባታውን ቢጫ ቆብ አጥልቀው ሞተር ላይ የሚወጡ ልጆችንም አትምሰል፤ ያ ቆብ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ብሎን እንጂ ከጎን ለሚመጣ አስፋልት አይደለም።

ለጅቡቲ ኑሮ እኔ የምመርጥልህ አገጩ ወደ ላይ የሚነሳውን፣ ሞጁላር የሚሉትን ነው። ክብደቱ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ ዋጋውም እንዲሁ። ጥቅሙ ግን እዚህ አገር ላይ ይጎላል፤ ሄልሜት የሚያንገበግበው ስትሄድ ሳይሆን ስትቆም ነውና። ጫት ከኢትዮጵያ በሚደርስበት የቀትር ሰዓት ይህ ከተማ እንዴት እንደሚተራመስ ታውቃለህ። ሾፌሩም፣ እግረኛውም፣ ሻጩም ይጣደፋል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የሚያስታውስ የለም። ሙቀቱ የሚብሰውም በዚያችው ሰዓት ነው። ሄልሜትህን አውልቅ አውልቅ የሚልህና አውልቀህ መገኘት የማይገባህ ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ያኔ የመኪናው ሰልፍ ሲያስቆምህ አገጩን ታነሳለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ውሃህን ትጎነጫለህ፤ ልትነሳ ስትል ዘግተህ ትሄዳለህ። አገጩ ተነስቶ እንዳትነዳ። ስትገዛም መለያው ላይ ያለውን የላቲን ፊደል እይ፦ «ፒ» ካለ የአገጩ ክፍል ተፈትኖ አልፏል፤ «ኤን ፒ» ካለ ለመልክ የተቀመጠ ነው፤ «ጄ» ደግሞ ክፍት ፊት ማለት ነው።

ለዚህ አቅም ካላነሰህ በቀር ወደ ሌላ አትሂድ። ካነሰህ ግን፣ ከፕላቶና ከኤሮን የማትወጣ ከሆነ፣ ረጅም መስታወት ያለው ደህና ጄት ሁልጊዜ ራስህ ላይ ቢሆን፣ ክርንህ ላይ ከሚንጠለጠል ውድ ሙሉ ፊት ይሻላል። ባልባላና ፒኬ 12 የምትመላለስ ከሆነ ይህን ፈቃዴን አንስቻለሁ።

ቀለሙ ነጭ ይሁን። ጥቁሩ እንደሚያምርህ አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ላይ ምቾትና ደኅንነት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጡልሃል። ነጭ ፀሐይን ይመልሳል፤ ሾፌርም ከሩቅ ያየዋል። በ2004 የታተመ የኒው ዚላንድ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ የአደጋ ስጋታቸው በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ገበሩ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን። ከሥሩ ስስ የጥጥ ቆብ አድርግ፤ ቆቡ ላቡን ይጠጣል፣ አንተ ማታ ማታ ታጥበዋለህ። መስታወቱ ጥቁር አይሁን። ፀሐይ እዚህ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ በጥቁር መስታወት ማታ ወደ ቤት መመለስ ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው። ለቀኑ ከውስጥ የሚወርድ የፀሐይ መስታወት ያለው ብታገኝ ጥሩ፣ ካጣህ መነጽር ይበቃል። ካምሲን ሲነሳ ደግሞ መስታወቱን ዝጋ፤ ዓይን ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሞተር ታስጥላለች። አሸዋ የነካውን መስታወት በደረቅ ጨርቅ አትጥረገው፤ ውሃ አፍስስበት፣ ይታጠብ።

ከሁሉ በላይ እንድትሰማኝ የምፈልገው የልኩን ነገር ነው። ብዙ ወጣት ሄልሜት የሚገዛው እንደ ጃኬት ነው፤ «ሰፋ ያለው ይመቻል» ብሎ። የሰፋ ሄልሜት በምት ጊዜ ይዞራል፣ ዓይን ይሸፍናል፣ አልፎም ይወልቃል። ሜትር ያዝና ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል፣ ከኋላ ራስህ ጎላ በሚልበት በኩል አዙረህ ለካ። ቁጥሩን ጻፈው። 58 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአንዱ ፋብሪካ «ኤም»፣ በሌላው «ኤል» ሊሆን ይችላልና በፊደሉ አትመን፤ የሴንቲ ሜትሩን ሠንጠረዥ ጠይቅ። «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚባለው ነገር እዚህ ይሠራል። ጉተናህን አበጥረህ ብትለካ ፎሙ የሚያቅፈው ፀጉርህን ይሆናል፤ ፀጉር ደግሞ ይጨፈለቃል፣ ይቆረጣል። ዛሬ ልክ የነበረው ከፀጉር ቤት ስትወጣ ይዋኝብሃል። አዘውትረህ በምትይዘው ፀጉር ለካ። ፀጉርህን ከሠራህ ደግሞ ቋጠሮውን አናትህ ላይ አታድርገው።

ስታጠልቀው ጆሮህን እያሻሸ በግድ መግባት አለበት። ጉንጭህን ይጫን፤ ስታወራ የጉንጭህን ውስጥ ጥርስህ ቢነካው ልክ ነህ። አዲስ ገበር ከቀናት በኋላ ላላ ይላል፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ «ምንም አይነካኝም» ካልክ ከወር በኋላ ይሽከረከርብሃል። በሁለት እጅህ ይዘህ ግራና ቀኝ አዙረው፦ የግንባርህ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ቆዳህ ቆሞ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ አንድ ቁጥር ዝቅ በል። ከዚያ አስረኸው፣ ሌላ ሰው ከኋላ ታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳብልህ። ከራስህ ከወለቀ፣ የዓለም ምርጥ ቢሆን፣ ያንተ አይደለም። ይህን ሁሉ ካለፈ አታውልቀው፤ ከሻጩ ጋር ወሬ ይዘህ ሩብ ሰዓት ቆይ። ሻጩ ይሰለቸው ይሆናል፤ ይሰልቸው። ስታወልቀው ግንባርህ ላይ አንድ ቦታ ለይቶ የቀላና የሚያም ምልክት ካለ፣ የሄልሜቱ ቅርፅ ከራስህ ቅርፅ ጋር አልተስማማም። የአንዳንዱ ሰው ራስ ክብ ነው፣ የአንዳንዱ ረዘም ያለ። ሌላ ፋብሪካ ሞክር። የሰፋውን ወስዶ ሕመሙን ማምለጥ መፍትሔ አይደለም። ዙሪያውን እኩል የሚጫን ጥብቀት በሳምንት ትለምደዋለህ፤ አንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ጥብቀት ግን በግማሽ ሰዓት ራስ ምታት ሆኖ ያስወልቅሃል። ሁለቱን መለየት ከቻልክ ሄልሜት መግዛት ችለሃል።

ማሰሪያው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ ሞተሩን አስነስቶ በአንድ እጁ እየነዳ በአንድ እጁ የሚያስር ሰው አይቻለሁ። ቆመህ እሰር። ከአገጭህ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። በሁለት ቀለበት ውስጥ የሚያልፈው ማሰሪያ ጠንካራ ነው፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ በጥርስ በጥርስ ገብቶ ቀጭ የሚለው ለከተማ ምልልስ ይቀላል፤ ቀላል የሆነ ነገር አይዘለልምና ለአንተ እሱን እመርጣለሁ። እዚህ የባሕሩ ጨው ብረት ይበላል፤ ቀለበቱንና ምስማሩን በየጊዜው እይ። ፖሊስ ሲያዩ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ፖሊስ ሲያልፉ የሚያነሱትን አውቃቸዋለሁ። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ማለት ይኸው ነው፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

አሁን ቅድም ያቆየሁትን የተራ ፕላስቲክ ነገር ላንሳ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ከኋላ የተለጠፈ ወረቀት አይቶ የሚገዛ ሰው ወረቀት ነው የገዛው። ማሰሪያው ላይ የተሰፋ የጨርቅ መለያ ፈልግ። በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ከቁጥር ጋር ይኖራል፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ነው የሚነግርህ፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን። ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። በ06 የሚጀምረው 22.06 የሚባለውን፣ ከ2021 ጀምሮ የጸናውን አዲሱን የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ያለፈ ነው። በአሮጌው ደንብ ሄልሜቱ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ብረት ላይ ይጣል ነበር፤ አዲሱ ከዚያ ዝቅ ባለም ከፍ ባለም ፍጥነት ይጥለዋል፣ ሰያፍ ምትም ጨምሮ ራስ እንዴት እንደሚሽከረከር ይለካል። ውስጡን ገልጠህ ፎሙን ዳስሰው፤ ፎም የሌለው፣ ስፖንጅ ብቻ የለበሰ ካየህ ዋጋውን እንኳ አትጠይቅ።

አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የራሱን በርካሽ ልሽጥልህ ቢልህም አትቀበል። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሄልሜቱ ወድቆ እንደሆነ ከውጪ አይታይም። አንዴ የደቀቀ ፎም ተመልሶ አያገለግልም። አንተም ብትወድቅበት፣ ቀለሙ ባይጫርም፣ ሥራውን ጨርሷል፤ አመስግነህ ጣለው። ባትወድቅበትም አምስት ዓመት ይበቃዋል። ቤንዚን በነካ እጅ አትያዘው፤ ቤንዚን ፎሙን ይበላዋል። በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ብቻ እጠበው። የሞተሩ ስፖኪዮ ላይ አትስቀለው፣ ውስጡን ይሰረጉደዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ትተኸው አትግባ።

ስለ አንገትህም አስብ። «አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው» ይባላል፤ ሞተር ላይ ደግሞ አዙሮ ማየት ሕይወት ነው። ብዙዎቹ ሄልሜቶች ከአንድ ኪሎ ከሦስት መቶ እስከ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ይመዝናሉ። በእጅ ስትይዘው የቀለለው ራስ ላይ ሊከብድ ይችላልና ክብደቱን አጥልቀህ፣ ግራ ቀኝ ዞር ዞር ብለህ ፍረድ። «ካደረግኩት ድምፅ አይሰማኝም» ብትለኝ ደግሞ ብዙም አያሳስበኝም፤ ጥሩንባና የተሳቢ ሞተር በሄልሜት ውስጥም ይሰማል፤ ባዶ ጆሮ ላይ የሚያፏጨው ነፋስ ነው ይልቅ የሚያደነቁርህ።

ፊት መሸፈን ሌላም ጣጣ አለው። በ2019 አዲስ አበባ ሞተር ላይ ገደብ ስትጥል ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ሸፍኖ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሞተረኛ ዘበኛን ያስደነግጣል። እዚህ የጦር ሠፈርና ኤምባሲ የበዛበት ከተማ ነው። በር ላይ ከመድረስህ በፊት አገጩን አንሳ፣ ፊትህን አሳይ። ሽማግሌ ስታገኝም እንደዚያው፤ ፊት ተሸፍኖ «እንደምን ዋሉ» አይባልም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ከኋላህ የምትቀመጠው። እጮኛህን በሻሽ ብቻ አስቀምጠህ እንዳትነሳ። ስትወድቁ የምትወድቁት እኩል ነው። ሁለተኛ ሄልሜት ያንተ ትርፍ ወይም አሮጌው አይሁን፤ በእሷ ልክ የተገዛ ይሁን። ሻሿን ከሥሩ የምታስር ከሆነ ስስ ይሁን፣ ቋጠሮው ማጅራቷ ላይ ዝቅ ይበል፤ ልኩንም ሻሹን አድርጋ ትሞክረው። ልጅ ከሆነ የአዋቂ ሄልሜት አታልብሰው፤ በልኩ ካላገኘህለት በአውቶቡስ ይሂድ።

ቅዳሜ ሥራ የለህም። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በሦስት ሰዓት፣ እጮኛህንም ይዘህ ና፤ ሜትሩን እኔ አመጣለሁ። ጉተናህን ልትቆረጥ ካሰብክ ግን አርብን አትለፈው።